ፀጉሬ ገና አልደረቀም

ሰኔ 3፣ ማክሰኞ

አሳታሚው ዛሬም «ይታያል» አለኝ። ረቂቄ እሱ ጠረጴዛ ላይ ከተቀመጠ ዓመት አልፎታል። የሻይ ብርጭቆውን የሚያሳርፍበት ወረቀት የኔ ረቂቅ መሆኑን ከማኅደሩ ቀለም አውቄዋለሁ። እሱ ግን ያላወቅኩ መስሎት ብርጭቆውን አንስቶ አንዴ ፉት አለና መልሶ እዚያው አስቀመጠው። «እህቴ፣ መጽሐፍ ችኮላ አይወድም። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» አለኝ። የኔ እንቁላል በዚህ አያያዝ እግር ከማውጣቱ በፊት ይገማል ልለው ይገባ ነበር። «እግዜር ይስጥልኝ» ብዬ ወጣሁ። መልሱ የመጣልኝ ደረጃው ጋ ስደርስ ነው። ሁሌም እንዲህ ነኝ።

ሥራዬ ቃለ ጉባኤ መያዝ ነው። ዕድሜዬን ሙሉ እነ እገሌ ያሉትን ስጽፍ ኖሬያለሁ። እኔ የምለውን ደግሞ ልብ ወለድ አድርጌ ጽፌዋለሁ። እሱ መጽሐፍ ሆኖ በእጄ ሳልይዘው ጡረታ ከወጣሁ ምን እንደምሆን አላውቅም። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ።

ባሌ እራት ላይ ድምፁን አላሰማም። ፍሪጅ ጠጋኝ ነው። ቀኑን ሙሉ የሰው ፍሪጅ ሲያዳምጥ ስለሚውል ቤት ሲገባ የሚያዳምጥበት ጆሮ አይተርፈውም። ክፉ ሰው አይደለም። ይህን የምጽፈው ለፍትሕ ያህል ነው።

ልብ ወለዱ ስለ አንዲት ሴትና ስለ ዝምተኛ ባሏ ነው። የሷ ባል የጄነሬተር ጠጋኝ ነው። ምንም አይገናኙም።

ሰኔ 7፣ ቅዳሜ

የባሌ ታናሽ እህት ፀጉር ቤት አላት። ቅዳሜ ቅዳሜ ፀጉሬን የምሠራው እሷ ጋ ነው። ዛሬ ፀጉሬ በቢጎዲን ተጠቅልሎ፣ ማድረቂያው ካስክ ውስጥ ገብቼ፣ የመጀመሪያውን ምዕራፍ ግልባጭ አውጥቼ ሳነብ ከጎኔ ካለው ካስክ አንገት ሲረዝም ታየኝ። ሁሌ እዚህ የማገኛት ነርስ ናት። ገጹን ስገልጥ «ቆይ፣ አልጨረስኩም» ብላ ጮኸች። ካስክ ውስጥ ያለ ሰው የራሱን ድምፅ ስለማይሰማ ሹክ ያለ እየመሰለው ይጮኻል። ቤቱ በሙሉ ዞሮ አየን።

ወረቀቱን ሰጠኋት። የባሌ እህት መጥታ «ደርቆልሻል፣ ውጪ» ስትላት፣ «ፀጉሬ ገና አልደረቀም» አለች። የባሌ እህት በጣቷ ነካ ነካ አደረገችው። እንደ ጭድ ደርቋል። ነርሷን አየች፣ ወረቀቱን አየች፣ እኔን አየች። ይቺ ሴት የንግድ ነገር ሲሸታት ዓይኗ ይጠባል።

ስወጣ በሩ ላይ ያዘችኝ። «እትዬ፣ ይሄን ነገር በየሳምንቱ አምጪልኝ። ደንበኞቼ ያንን ሽፋኑ የተገነጠለ መጽሔት ሲያገላብጡ አንጀቴን ይበሉኛል።»

«አሳታሚ ጋ ነው እኮ ያለው።»

«እሱ ጋ ይተኛ፤ እኔ ጋ ይነበብ። ባልየው ግን የማውቀውን ሰው መሰለኝ።»

«ልብ ወለድ ነው» አልኳት።

«እሱማ» አለች።

ሰኔ 10፣ ማክሰኞ

ስብሰባ መሃል። ሊቀ መንበሩ ይናገራል። የሱን የምጽፍ ይመስለዋል።

የባሌ እህት ደንብ፦ ምዕራፉ በካስክ ልክ ይሁን። ካጠረ ደንበኛዋ ስልኳን ታወጣለች። ከረዘመ መብራት ይቆጥራል። ስስ ፀጉር ላላት አጭር፣ ወፍራም ፀጉር ላላት ረዘም ያለ። መጨረሻው ይንጠልጠል። «ጭንቅላቷ ደርቆ ልቧ ሳይደርቅ ትውጣ» ነው ያለችው። ስለ ድርሰት ከዚህ የተሻለ ምክር የሰጠኝ ሰው የለም።

የመጀመሪያውን ምዕራፍ ለሁለት መቁረጥ። የዝናቡን ገለጻ ማውጣት። ያሳዝናል፤ ጥሩ ዝናብ ነበር።

ሊቀ መንበሩ «ይህ ይመዝገብልኝ» አለ። የቱ?

ሰኔ 14፣ ቅዳሜ

ሦስት ፎቶ ኮፒ አስነስቼ፣ በፀጉር ክሊፕ አያይዤ ወሰድኩ። ስሜን አልጻፍኩበትም። ቢሆንም ሁሉም አውቋል። ፀጉር ቤት ውስጥ ምሥጢር የሚቆየው ውሃው እስኪሞቅ ነው።

የሰፈራችን ዳኛ እትዬም መጥተው ነበር። ጡረታ ወጥተዋል፣ መፍረዱ ግን አልለቀቃቸውም። መነጽራቸውን አፍንጫቸው ጫፍ ላይ አድርገው እስከ መጨረሻው አነበቡ። ሲጨርሱ ወረቀቱን አስተካክለው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡና፣ «ሴትዮዋ በደሏን በሚገባ አስረድታለች። እኔ ግን የአንድ ወገን ሰምቼ አልፈርድም። ባልየውም ይቅረብ» አሉ።

«ልብ ወለድ ነው እኮ፣ እትዬ ዳኛ።»

«ልብ ወለድም ቢሆን።»

የባሌ እህት ቢጎዲን እየጠቀለለች ይህን ሰማች። ዓይኗ ጠበበ። እዚህ ውስጥ ምን ንግድ እንደታያት አልገባኝም።

ሰኔ 19፣ ሐሙስ

ሦስተኛው ካስክ ተበላሸ አሉ። የባሌ እህት ለባሌ ደውላ፣ ቅዳሜ በጠዋት ደንበኛ ሳይገባ መጥቶ እንዲያይላት ለመነችው። «አንተ የፍሪጅ ሰው፣ ካስክ ምን ያውቅሃል?» አልኩት።

«አንዱ ያበርዳል፣ አንዱ ያሞቃል» አለ። ለሱ ይህ ረጅም ንግግር ነው።

እኔ አሁን ምዕራፉን የማደርሰው አርብ ከሥራ ስወጣ ስለሆነ በጠዋቱ አብሬው መሄድ አላስፈለገኝም።

ሰኔ 21፣ ቅዳሜ

ባሌ የመሣሪያ ሳጥኑን ይዞ በጠዋት ሄደ። ረፋድ ላይ ተመለሰ።

«ተጠገነ?»

«ይቀረዋል።»

የዚህ ሳምንት ምዕራፍ ሴትዮዋ ባሏ ለመጨረሻ ጊዜ «እንዴት ዋልሽ» ያላት መቼ እንደነበር ለማስታወስ የምትታገልበት ነው። አንዲት ደንበኛ ስታነብ አልቅሳ ኩሏ በጉንጯ ወረደ። የባሌ እህት ውሃ የማያስለቅቀው ኩል ሸጠችላት።

ማታ እራት ላይ ባሌ ጉሮሮውን ጠረገና «እንዴት ዋልሽ?» አለ። በስልክ የሚያወራ መስሎኝ ጆሮውን አየሁት። ስልክ አልያዘም።

«ማን፣ እኔ?»

«እ።»

«ደህና።»

ወጡን ወደኔ ገፋ አደረገልኝ። ይሄ ሰው አንድ ነገር አጥፍቷል። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል።

ሰኔ 28፣ ቅዳሜ

ካስኩ እንደገና ተበላሽቷል። ይህን ያህል ዘመን በሙያው ኖሮ አንድ ካስክ እንዲህ ካስቸገረው፣ የሰው ፍሪጅ እንዴት አድርጎ እንደሚሠራ እንጃ።

ፀጉር ቤቱ ሞልቷል። ነርሷ በሳምንት ሁለቴ መታጠብ ጀምራለች፣ የራስ ቆዳዋ እንዳይላጥ ፈርቼላታለሁ። አንዷ ባለፈው ሳምንት ፀጉሯን ተቆርጣ ነበር። ዛሬ ምዕራፉን ሳታጋምስ ደረቀላትና «ምነው ባልተቆረጥኩ» እያለች ወጣች። «ፀጉሬ ገና አልደረቀም» የማይል ሰው የለም። የባሌ እህት ግን መላ አታጣም፤ ደርቆላት አልነሳም ያለች ሁሉ ቅባት እንድትገዛ ደንብ አወጣች።

በዚህ ሳምንት ምዕራፍ ሴትዮዋ ሌሊቱን ሙሉ የሚንጠባጠብ ቧንቧ ታዳምጣለች። ባሏ የሰፈሩን ጄነሬተር ሁሉ ሲያስነሳ እየዋለ የቤቱን ቧንቧ ዞር ብሎ አያየውም። ዛሬ ቤት ስገባ የኛ ኩሽና ቧንቧ ተጠግኗል። ስንት ጊዜ ለምኜው እንቢ ያለኝን ቧንቧ። ደስ ሊለኝ ሲገባ ተናደድኩ። ያንን ጠብታ እየሰማሁ ነበር የምጽፈው።

ሐምሌ 3፣ ሐሙስ

በሥራ ሰዓት፣ ቶሎ ቶሎ።

ጃኬቱ የፀጉር ቅባት ይሸታል። ባሌ ፀጉር የለውም። መላጣ ከሆነ ብዙ ዘመኑ ነው።

የፀጉር ቤቱ ጥፍር ሠሪ? አዲስ ናት። ቆንጆ ናት። ቅዳሜ በጠዋት የምትገባ እሷ ናት። ባለፈው ስገባ እኔን አይታ ከባሌ እህት ጋር ተያይተው ሳቁ።

ልጠይቀው? ብጠይቀው ይመልስልኝ ይሆናል። አልጠይቅም።

ዛሬ ቃለ ጉባኤው ላይ «ጥፍሩ በሙሉ ድምፅ ጸደቀ» ብዬ ጽፌ አለቃዬ አስምሮበት መለሰልኝ።

ሐምሌ 5፣ ቅዳሜ

ትናንት ኮፒ ቤቱ መብራት ስላልነበረው የእጅ ጽሑፉን ራሱን ነው ያደረስኩት። ግልባጭ የለውም። አሳታሚው ጋ ያለው ረቂቅ ውስጥም የለም፣ በዚህ ሳምንት የጻፍኩት አዲስ ምዕራፍ ነው። የምጽፈው ደግሞ ከመሥሪያ ቤት በማመጣው ስስ የታይፕ ወረቀት ላይ ነው።

ዛሬ ስደርስ የባሌ እህት በሩ ላይ ቆማ ጠበቀችኝ። እሷ ለማንም በር ላይ አትቆምም።

«እትዬ፣ እንዳትቆጪ» አለች።

ሙሽራ መጥታ ነበር፣ ለፐርም፤ ፀጉሯን በመድኃኒት ልታስከረድድ። የፀጉሩን ጫፍ የሚጠቀልሉበት ወረቀት መሃል ላይ አለቀ። ሠራተኛዋ ስስ ወረቀት ስትፈልግ የኔን ምዕራፍ አገኘች። በመቀስ ካሬ ካሬ አድርጋ ቆርጣ፣ የሙሽራዋን ፀጉር ጫፍ ጫፉን ጠቀለለችበት። መድኃኒቱን ሲያፈሱበት ቀለሙ ታጠበ። ሙሽራዋ በጣም ደስ ብሏት ሄደች። አንገቷ ላይ «ነበረች» የሚል ቃል ተገልብጦ ታትሞ እንደነበር ያዩት ከበሩ ስትወጣ ከኋላዋ ነው አሉ። እስካሁን ታትሞ የወጣልኝ ቃል ይኸው ነው።

«አንብቦታል ማንም?»

«አንድ ደንበኛ ብቻ። ጠዋት፣ ሳንከፍት።»

«ማናት?»

«ማናት ነው ያልሽኝ?» አለችና፣ ውሃ ጣድኩ ብላ ወደ ጓዳ ሮጠች። እዚያ ቤት ሙቅ ውሃ የሚመጣው ከቧንቧው ነው።

ሐምሌ 8፣ ማክሰኞ ማታ

ምዕራፉን ላስታውሰው አልቻልኩም። ሦስት ቀን ታገልኩ። ነርሷ ሳታነበው ሴትዮዋ ታማ ሆስፒታል የገባችበት ነው ብላ ትከራከራለች። ዳኛዋ ማስረጃው ስለጠፋ ይዘለል ብለዋል። ገና ወረቀት ላይ ሳለ እንዲህ ከጠፋብኝ፣ ሰዎች መጽሐፍ ሲያደርጉት ምን ሊተርፈኝ ነው። አሁንማ ዋናው ጥያቄ የመጻፍ ችሎታ አለኝ ወይ የሚለው ሆኗል። የጻፍኩትን ራሴ ካላስታወስኩት ማን ያስታውሰዋል?

ማታ ኩሽና ውስጥ መብራት ሳላበራ ቁጭ ብዬ ይህን ስብሰለሰል ባሌ ገባ። እጁን ወደ ማብሪያው ሰደደና አቆመው።

«ላብራው?» አለ። «ወይስ በጨለማ ሲሆን ማንም ምንም ስለማይጠይቅሽ ይሻልሻል?»

ይኸው ነበር እኮ ምዕራፉ! ሴትዮዋ ጨለማ ኩሽና ውስጥ የምትቀመጠው፣ በቤቱ ውስጥ ማንም ምንም የማይጠይቃት እዚያ ብቻ ስለሆነ ነው። ቃል በቃል ማለት ይቻላል።

«አታብራው» አልኩት። በሩን ቀስ አድርጎ መልሶ ሄደ። እሱ ሲወጣ መብራቱን ራሴ አብርቼ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ጻፍኩት፣ ከበፊቱም ይበልጣል። ባሌ አንዳንዴ ሳያውቅ ይረዳኛል። አጋጣሚ የሚባል ነገር ባይኖር ደራሲ ምን ይውጠው ነበር።

ሐምሌ 15፣ ማክሰኞ

አሳታሚው ራሱ ደወለ። እሱ። ለኔ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሚስቱ ፀጉሯን የምትሠራው የባሌ እህት ጋ ኖሯል። ቤት ገብታ፣ «እንዲህ ያለ ነገር እየተጻፈ አንተ የምታሳትመው ምንድን ነው?» ብላ እራት ከለከለችው መሰለኝ። እሱም ሲያጣራ ብርጭቆውን የሚያሳርፍበት ወረቀት ሆኖ አገኘው። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው የሚባለው ለዚህ ነው።

«አትመዋለሁ» አለ። እንዲህ በአንድ ቃል። ቁጭ የምልበት ፈለግኩ። ቀጥሎ ሦስት ነገር ጠየቀ። «ጄነሬተር» የሚለው ርዕስ የመለዋወጫ ካታሎግ ስለሚመስል ይቀየር፣ ፍቅር የሚል ቃል ይግባበት። ፀጉር ቤት መታደሉ ከዛሬ ጀምሮ ይቁም። ሴትዮዋ ደግሞ በመጨረሻ ወደ ባሏ ትመለስ። «ሰው መጽሐፍ የሚገዛው ለስጦታ ነው፣ እህቴ። ሄዳ የምትቀርን ሴት ማን ለማን ይሰጣል?»

ውሉን በሚቀጥለው ሳምንት ሐሙስ እንፈርማለን። እሺ ብያለሁ መሰለኝ። አዎ፣ ብያለሁ።

የመጨረሻውን ምዕራፍ በሁለት ዓይነት ጽፌ አስቀምጫለሁ። በአንዱ ትሄዳለች፣ በአንዱ ትመለሳለች። የምትመለስበት ቆንጆ ነው፣ ዓረፍተ ነገሮቹ ሁሉ ይፈሳሉ። የምትሄድበትን ሳነብ ግን ተነስቼ በሩ መዘጋቱን አያለሁ። ለማንም አላሳየሁም።

ሐምሌ 19፣ ቅዳሜ

ለባሌ እህት ትናንት ካደረስኩት ሌላ ምዕራፍ እንደማላመጣ ልነግራት በጠዋት ሄድኩ። ደንበኛ ሳይገባ፣ እሷና እኔ ብቻ ሆነን እንድንነጋገር ብዬ ነው። እግረ መንገዴንም የጥፍር ሠሪዋን ነገር ላጣራ ፈልጌ ነበር፣ ልዋሽ አልችልም።

ጥፍር ሠሪዋ ወለል ትጠርጋለች። ስታየኝ መጥረጊያውን ለቀቀችው። የባሌ እህት «እትዬ» ብላ ከፊቴ ቆመች። ከኋላዋ ሦስተኛው ካስክ ያጉረመርማል፣ እንደ ጤነኛ። ከሥሩ የሰው እግር ይታያል። ጫማውን አውቀዋለሁ፣ የገዛሁት እኔ ነኝ።

ባሌ ያንን በራ ራሱን ካስክ ውስጥ አስገብቶ፣ የዚህን ሳምንት ምዕራፍ በሁለት እጁ ይዞ፣ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ያነባል። ግንባሩ ወርዝቷል። ሲያነብ እንደዚህ ዓይነት ፊት እንዳለው አላውቅም ነበር። ጥላዬ ወረቀቱ ላይ ሲያርፍበት ቀና አለ።

ከየት እንደመጣለት አላውቅም። «ፀጉሬ ገና አልደረቀም» ብሎ ጮኸ።

ጥፍር ሠሪዋ ግድግዳ ተደግፋ ሳቀች። የባሌ እህት ፎጣ አፏ ውስጥ ወተፈች። እኔም መቆጣት ነበረብኝ፣ ግን ሳቁ ቀደመኝ።

ያንኑ ዕለት ማታ

ቤት ገብተን በሩን እንደዘጋን ጠየቅኩት።

«ካስኩ ተበላሽቶ ያውቃል?»

«አያውቅም።»

«ታዲያ ጃኬትህ ለምን ቅባት ሸተተ?»

«ደርቆ የማይነሳ ቅባት ይገዛል አለችኝ እህቴ። ለኔም ሸጠችልኝ።»

«ምነው እኔን አትጠይቀኝም ነበር? ‹ጽሑፍሽን ስጪኝ ላንብበው› ብትለኝ እሰጥህ አልነበር?»

«ማንበቤን ካወቅሽ ታለሳልሺው ነበር» አለ። «ለኔ ብለሽ።»

እውነቱን ነው። ስለ አሳታሚው ነገርኩት፤ ስለ ውሉ፣ ስለ ርዕሱ፣ ሴትዮዋ ትመለስ ስለመባሉ። መጽሐፍ በእጄ ለመያዝ ስንት ዘመን እንደጠበቅኩ ነገርኩት፣ ይህን ለሱ ነግሬው አላውቅም ነበር። በመጨረሻ፣ «ብትመለስ ደስ አይልህም?» አልኩት።

ጎንበስ ብሎ የጫማውን ክር መፍታት ጀመረ። እንደ ልማዱ ተዘጋ ብዬ ልነሳ ስል፣ «ሰውዬው ምን ሠራና ትመለሳለች?» አለ። «ያቺን ቧንቧ እንኳ አልጠገነላትም።»

አለቀስኩ። ለምን እንዳለቀስኩ ሲጠይቀኝ «አንተ የኛን ጠግነሃል እኮ» አልኩት።

«ስለኛ አላወራሁም» አለ። «ልብ ወለድ ነው አይደል?»

ፍሪጅና ጄነሬተር ልዩነታቸው እየጠፋብኝ ነው።

ሐምሌ 24፣ ሐሙስ

ውሉ ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቶ ነበር፣ ብዕርም አጠገቡ። አሳታሚው ሻይ አስመጣልኝ። የምትመለስበትን ምዕራፍ እንዳወጣ ጠበቀ።

«ሴትዮዋን ጠይቄያት ነበር» አልኩት፣ «አልመለስም አለች።»

ሳቀ።

«ባልየውንም ጠይቄዋለሁ። እሱም አትመለስ አለ።»

መሳቁን ተወ። «እህቴ፣ ይህን ዕድል የትም አታገኚውም።»

«ይሆናል» ብዬ ረቂቄን ከብርጭቆው ሥር ሳብኩ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ መልሱ እዚያው ሰውየው ፊት መጣልኝ። ደረጃው ላይ ስደርስ ግን ዞሬ በሩን አየሁ። ያ ብዕር እስካሁን በዓይኔ ይዞራል። ምን ዓይነት ጅል ነኝ እያልኩ ነው ቤት የገባሁት።

ሐምሌ 26፣ ቅዳሜ

ነገሩን ስነግራት የባሌ እህት ማበጠሪያዋን እንኳ አላስቀመጠችም። «ሻምፑ በካርቶን የምሸጥ ሴት መጽሐፍ መሸጥ ያቅተኛል?» አለች። እያንዳንዷ ደንበኛ ለመጽሐፉ አስቀድማ ትመዘገባለች፣ በዚያ ለማተሚያ ቤት ቀብድ ይሰጣል። የመጨረሻው ምዕራፍ እዚህ አይነበብም። የምትፈልግ መጽሐፉን ትግዛ። ጩኸት ሆነ። ነርሷ ይህ ግፍ ነው እያለች ለሦስት ሰው ተመዘገበች፣ ከሦስቱ ሁለቱ የበሽተኞቿ አስታማሚዎች ናቸው።

ባሌ ዛሬ በግልጽ መጣ። ዳኛዋ በመነጽራቸው ላይ ከላይ እስከ ታች አዩትና፣ «ቀርበዋል ማለት ነው» አሉት። ጎናቸው አስቀመጡት። ሲጠይቁት ዋሉ፣ እሱም ሲመልስ ዋለ። እኔ ስጠይቀው ከሚመልሰው ይበልጣል።

የመጨረሻውን ምዕራፍ ላሳየው ብዬ ነበር። «እንደ ሰው ተራዬን እጠብቃለሁ» አለ። የትኛውን እንደመረጥኩ አልጠየቀኝም፣ ማወቁንም አለማወቁንም እንጃ።

ነሐሴ 5፣ ሰኞ

ማተሚያ ቤቱ «የአሳታሚው ስም?» ሲለኝ ደነገጥኩ። የፀጉር ቤቱን ስም ሰጠሁት። ሰውየው ሳይገረም ጻፈው።

መሥሪያ ቤት መጸዳጃ ውስጥ ሆኜ ሁለት የሥራ ባልደረቦቼ እጃቸውን ሲታጠቡ ሰማሁ። «ራሷ ናት አሉ የምታሳትመው።» «ታዲያ ሌላ ማን ያሳትምላታል? ፀጉር ቤት ነው አሉ የሚሸጠው።» እስኪወጡ ጠበቅኩ። ከዚያ በኋላም ብዙ ቆየሁ። መጽሐፍ መሆኑን የሚያረጋግጥልኝ ሰው ማን እንደሆነ አላውቅም። ሌሎች ጸሐፊዎችስ ማን አረጋገጠላቸው?

ነሐሴ 11፣ እሑድ

ትሄዳለች ብዬ ወስኜ ለማተሚያ ቤት ከሰጠሁት ሳምንት ሊሞላው ነው። አሁን ነው የፈራሁት። ሴቶቹን አይደለም፤ እሱ ሲያነበው ነው።

ነሐሴ 17፣ ቅዳሜ ማታ

መጽሐፉ መጣ። በሻምፑ ካርቶን ነው ያመጡት፣ ሌላ ካርቶን አልነበራቸውም። የባሌ እህት ቴፑን በመቀስ ስትቀደው እኔ ወደ መስኮቱ ዞርኩ። አንዱን አውጥታ እጄ ላይ አኖረችው። ቀላል ነው። እንደዚህ ይቀላል ብዬ አልጠበቅኩም። ሽፋኑ ላይ ስሜ አለ። ባሸተው የቀለምና የሻምፑ ሽታ ነው።

ከዚያ መጽሐፉ ታደለ። ማንም አልታጠበም፣ ማንም ቢጎዲን አላስጠቀለለም፣ ካስክ ወንበሮቹ ላይ ግን ቦታ አልነበረም። ሁሉም በቀጥታ የመጨረሻውን ምዕራፍ ገለጠ። ለባሌ ቦታ ትተውለት ነበር፣ ሦስተኛው ላይ ተቀመጠ። እኔ እንደ ደንበኛ መስተዋት ፊት ቁጭ ብዬ በመስተዋቱ እሱን አየሁት። ቀስ ብሎ ነው የሚያነበው። አንድ ገጽ ላይ ብዙ ቆየ። ሻንጣዋን የምትዘጋበት ገጽ ይመስለኛል። ነርሷ ቀድማ ጨርሳ ተንሰቀሰቀች፣ ዳኛዋ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ። እሱ ጨርሶ መጽሐፉን ዘጋና ጃኬቱ ውስጥ፣ በደረቱ በኩል ከተተው።

ስንወጣ ይዘንባል። ጃንጥላችን አንድ ነው። ረጅም ስለሆነ እሱ ነው የሚይዘው። መንገዱ ላይ ሰው አልነበረም።

«ሄደች» አለ።

«ሄደች።»

ወደ ቤት በሚታጠፈው ጥግ ደረስን።

«ጥሩ አደረገች» አለ። ጥቂት ሄደን ደግሞ፣ ፊቱን ሳያዞር፣ «አንቺስ?» አለኝ።

ለአሳታሚው መልስ ነበረኝ። ለእህቱም ሆነ ለዳኛዋ ነበረኝ። ይሄን ግን ማንም ይጠይቀኛል ብዬ አስቤ አላውቅም። እሱም መልሱን ፈርቶ ሳለ ነው የጠየቀኝ፤ የመንገዱን ኩሬ ሳያይ ረገጠው።

«ጃንጥላውን ወደዚህ አድርገው» አልኩት፣ «ትከሻዬ እየበሰበሰ ነው።»

ወደኔ አደረገው። የሱ ትከሻ እየበሰበሰ ቤት ገባን።